መርፌው ምን ያህል ያውቃል? የታይሮይድና የምራቅ ዕጢ ካንሰር ምርመራ ከ1930 እስከ ዛሬ

አንገት ላይ የወጣ እብጠት ሐኪሙንም ታማሚውንም አንድ ጥያቄ ፊት ያቆማቸዋል፤ ይውጣ ወይስ ይቆይ? አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም። በእጅ ተዳስሶ የሚገኝ የታይሮይድ ጉብታ ከመቶ ጎልማሶች ከ4 እስከ 7 በሚሆኑት ላይ አለ። አልትራሳውንድ ሲጨመርበት ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ከእነዚህ ጉብታዎች ውስጥ ካንሰር ሆነው የሚገኙት ከ7 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁሉንም ቀዶ ማውጣት ብዙ ሰው ያለ ምክንያት አንገቱ እንዲከፈት ማድረግ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሆርሞን ክኒን የሚውጥ፣ ድምፁ የሚሻክር፣ ካልሲየሙ የሚወርድ ሰው ይበዛል። ሁሉንም መተው ደግሞ ካንሰር ያለባቸውን ጥቂቶች መዳን በሚችሉበት ጊዜ አለመድረስ ነው።

ቀጭን መርፌ ወደ ሕክምናው የገባው ይህን ለመለየት ነው። በየሆስፒታሎቻችን "ኤፍ ኤን ኤ" ወይም "ኤፍ ኤን ኤ ሲ" ሲባል የምንሰማው ምርመራ በአሠራሩ ቀላል ነው። መርፌው ወደ እብጠቱ ይገባል፣ ጥቂት ሴሎች ይቀዳሉ፣ ስላይድ ላይ ይቀባሉ፣ በቀለም ይነከራሉ፣ በማይክሮስኮፕ ይነበባሉ። መርፌ መውጋቱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ንባቡ ግን ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ይጠይቃል።

ይህ ዳሰሳ በጉሮሮ ፊት ለፊት ባለው ታይሮይድና በጆሮ ሥር፣ በመንጋጋ ሥርና በአፍ ውስጥ ባሉት የምራቅ ዕጢዎች ላይ መርፌው ያሳለፋቸውን ዘመናት ይመለከታል። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለው ተረት ሁለቱን ሥፍራዎች ጎን ለጎን አንስቷቸዋል። በምርመራ ታሪክም አብረው ይጓዛሉ፤ ለመርፌው የሚሰጡት መልስ ግን በጣም የተለያየ ነው። ባለፉት ዘጠና ዓመታት ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ መርፌው ቀጥኗል፣ አልትራሳውንድ መጥቷል፣ የዘረመል ምርመራ ተጨምሯል። ከሁሉ አብልጬ የማየው ለውጥ ግን ፓቶሎጂስቶች የማያውቁትን ነገር በቁጥር ለክተው መናገር መጀመራቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኡጋንዳ እስከ ስቶክሆልም

ከአንገት ዕጢ በመርፌ ቀድቶ መመርመር ከምሥራቅ አፍሪካ ጋር የተያያዘ የመጀመሪያ ምዕራፍ አለው። በ1904 ግሬግ እና ግሬይ የተባሉ የእንግሊዝ ጦር ሐኪሞች የእንቅልፍ በሽታ በኡጋንዳ ሕዝብ ሲፈጅ ከታማሚዎች የአንገት ንፍፊት በመርፌ ፈሳሽ እየቀዱ የበሽታውን ተሐዋሲ ፈለጉ፤ አገኙትም። የፈለጉት ጥገኛ ተሐዋሲ እንጂ ካንሰር አልነበረም። ያም ሆኖ ሳይቀድዱ ከዕጢ ውስጥ እውነት ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ወደ ካንሰር የተሻገረው በኒውዮርክ ነው። በሜሞሪያል ሆስፒታል የራስና የአንገት ቀዶ ሐኪም የነበረው ሄይስ ማርቲን ከኤድዋርድ ኤሊስ ጋር በ1930 ዘዴውን በጽሑፍ አወጣ። የተጠቀሙበት ባለ 18 ቁጥር መርፌ ነበር። የመርፌ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ስለሚጨምር፣ ይህ ዛሬ ከምንጠቀምባቸው ከ23 እስከ 27 ቁጥር መርፌዎች ጋር ሲነጻጸር በጣም ወፍራም ነው። የሆስፒታሉ ፓቶሎጂስት ፍሬድ ስቱዋርት በ1933 ባወጣው ጽሑፍ የዕጢ ምርመራ በመርፌ እንደሚቻል በሰፊው አስረዳ። ይሁንና ዘዴው ከዚያ ሆስፒታል ቅጥር ብዙም ሳይወጣ ቀረ። ፓቶሎጂስቶች የለመዱት ሙሉ ቁራሽ ሥጋ፣ የሴሎቹን አደራደርና ጎረቤት ማየት ነበር፤ ከቦታቸው ተነቅለው የተበተኑ ሴሎችን ማመን ከበዳቸው። በዚያ ላይ መርፌው ካንሰሩን በመንገዱ ይዘራዋል የሚል ሥጋት ነበር። ወፍራም መርፌ ላይ ሥጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በቀጭኑ መርፌ ግን እንዲህ ያለው ነገር እጅግ ብርቅ ሆኖ ተገኝቷል።

ዘዴውን ያዳኑት ስዊድናውያን ናቸው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። እነርሱ መጀመሪያውኑ የሥጋ ቁራሽ አንባቢዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ የደም በሽታ ሐኪሞች ስለነበሩ ዓይናቸው የተገራው በተበታተነ ሴል ላይ ነው፤ የደምና የመቅኔ ስሚር ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ኒልስ ሶደርስትሮም በ1952 እንቅርትን በመርፌ ስለመመርመር ጻፈ። በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ደግሞ ሲክስተን ፍራንዘን በአንድ እጅ መርፌውን እየሳበ በሌላው እብጠቱን ይዞ ለማቆየት የሚያስችል መያዣ ሠራ። ከእርሱ ጋር ዮሴፍ ዛዪሴክና ቶርስተን ሎቭሃገን ሆነው ዘዴውን ትምህርት ቤት አደረጉት። ስሚሩን አየር ላይ አድርቀው በሜይ-ግሩንዋልድ ጊምሳ ቀለም ያነቡት የነበረውም ከደም ላቦራቶሪው ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። አሜሪካውያን በኋላ ዘዴውን ሲቀበሉ ስሚሩን በአልኮል አርጥበው በፓፓኒኮላው ቀለም ማንበብን መረጡ። የመጀመሪያው ቀለም የሴሉን ገላና በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ አጉልቶ ያሳያል፣ ሁለተኛው የኒውክሊየሱን ዝርዝር። ዛሬ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ሁለቱንም ይጠቀማል።

የስቶክሆልሙ ቡድን ኤኔሮት ከተባለ ተመራማሪ ጋር በ1967 ከ1,000 የምራቅ ዕጢ እብጠቶች የተቀዳውን ናሙና ውጤት አሳተመ። የምራቅ ዕጢ ለምን ያን ያህል ትኩረት እንደሳበ ለመረዳት የፊት ነርቭን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ከጆሮ ሥር ባለው ፓሮቲድ ዕጢ ውስጥ የፊት ጡንቻዎችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ቅርንጫፍ እያወጣ ያልፋል። ለምርመራ ብሎ ዕጢውን መቁረጥ ዓይን እንዳይከደን፣ አፍ ወደ አንድ ወገን እንዲዘም ሊያደርግ ይችላል። ሌላም ችግር አለ፤ በምራቅ ዕጢ ላይ ከሚወጡት ሁሉ የሚበዛው ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ የተባለው ደግ ዕጢ፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ይበተንና ከዓመታት በኋላ በብዙ ትንንሽ ጉብታዎች ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሥፍራ ላይ ቢላዋ ከመሰንዘር በፊት ምንነቱን በቀጭን መርፌ ማወቅ ትልቅ እፎይታ ነበር።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መርፌው ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በሜዮ ክሊኒክ የተሠራ በ1982 የወጣ ጥናት ለውጡን በቁጥር አስቀምጦታል። ምርመራው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የታይሮይድ ጉብታ ይዘው ከመጡት 67 በመቶው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ 43 በመቶ ወረደ። በቀዶ ሕክምናው ካንሰር ሆኖ የተገኘው ድርሻ ደግሞ ከ14 በመቶ ወደ 29 በመቶ ከፍ አለ። ጥቂት ሰው ተከፈተ፤ ከተከፈቱት ግን ይበልጡ መከፈት የነበረባቸው ሆኑ። የአንድ ምርመራ ዋጋ ከዚህ በተሻለ ሊገለጽ የሚችል አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን በፓሪስ ኩሪ ተቋም ዛይዴላ የተባለ ባለሙያ ምንም ሳይሳብ፣ መርፌውን ብቻ በእብጠቱ ውስጥ እያንቀሳቀሱ ሴሎቹ በራሳቸው ወደ ቀጭኑ ቱቦ እንዲወጡ ማድረግን አስተዋወቀ። ታይሮይድ በደም ሥር የታጨቀ ዕጢ ስለሆነ ሲሪንጁ በኃይል ሲሳብ ስላይዱ ደም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ይህች ትንሽ የእጅ ብልሃት የብዙ ሰው ናሙና ከብክነት አትርፋለች።

መርፌው የማያየው

መርፌው ሁሉን የታይሮይድ ካንሰር በእኩል ዓይን አያይም። በዓለም ላይ የሚበዛውን ፓፒላሪ ካንሰር በደንብ ይለየዋል። ምልክቱ ያለው በኒውክሊየሱ ላይ ነውና፦ ኒውክሊየሱ ይገረጣል፣ ይረዝማል፣ መሐሉ ላይ እንደ ቦይ ያለ መስመር ይወጣበታል፣ አንዳንዴም የሴሉ ገላ ወደ ውስጡ ገብቶ ክብ ቀዳዳ ያለበት ይመስላል። አንድ ሴል ተነጥሎ ቢወጣም እነዚህን ምልክቶች ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሜዱላሪ ካንሰርም በካልሲቶኒን ምርመራ ታግዞ ይታወቃል። አናፕላስቲክ የተባለው አረመኔው ዓይነት ደግሞ በሴሎቹ ሥርዓት የለሽነት ራሱን ያጋልጣል።

ፎሊኩላር ካንሰር ግን መርፌውን ይረታዋል። የዚህ ካንሰር ሴሎች ከደጉ ፎሊኩላር አዴኖማ ሴሎች ተለይተው አይታወቁም። ካንሰር የሚያሰኘው የሴሎቹ መልክ ሳይሆን የሠሩት ሥራ ነው፤ ዕጢውን የከበበውን ሽፋን ጥሰው ወጥተዋል ወይ? ወደ ደም ሥር ገብተዋል ወይ? ከማሳ መሐል እፍኝ አፈር የዘገነ ሰው ስለ አዝመራው ብዙ ሊናገር ይችላል፤ አጥሩ መጣሱን ግን ከዚያች እፍኝ ሊያውቅ አይችልም። ይህ የባለሙያው ድክመት አይደለም። በዓለም ላይ ያለ ማንም ፓቶሎጂስት በመርፌ ናሙና ብቻ ይህን ሊወስን አይችልም፤ የሚወሰነው ዕጢው ወጥቶ ሽፋኑ ዙሪያውን ሲመረመር ነው። ታማሚዎች "ውጤቱ አልታወቀም፣ ቀዶ ሕክምና አድርገው ይታያል" ሲባሉ ሐኪሙ የሸሸ የሚመስላቸው ለዚህ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጉብታ ላይ ግን እውነተኛው መልስ ይኸው ነው።

ችግሩ ለረጅም ጊዜ ይህን እውነት የሚገልጽ የጋራ ቋንቋ አለመኖሩ ነበር። አንዱ "ያልተለመደ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "አጠራጣሪ"፣ ሦስተኛው "ካንሰር አይሆንም ማለት አይቻልም"። ቀዶ ሐኪሙ የፓቶሎጂስቱን ጠባይ እያወቀ መተርጎም ነበረበት። ታማሚዋ ከተማ ከቀየረች ደግሞ ወረቀቷ ትርጉሙን ያጣል። እንግሊዞች "ታይ" ከሚል ቃል ጋር ቁጥር እያያያዙ፣ ጣሊያኖችና ጃፓኖችም በየራሳቸው መንገድ ሥርዓት ለማበጀት ሞክረዋል።

ትልቁ መዞሪያ በጥቅምት 2007 በሜሪላንድ ቤቴስዳ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የጠራው ጉባኤ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ማለት ነው። ከዚያ የወጣው የቤቴስዳ ሥርዓት በ2010 በመጽሐፍ ታተመ። በ2017 ተሻሻለ፣ በ2023 ሦስተኛው እትም ወጣ። ሥርዓቱ ውጤትን በስድስት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ለንባብ የማይበቃ ናሙና ነው። ሁለተኛው ደግ፣ ሦስተኛው ትርጉሙ ያልለየ ያልተለመደ ሴል፣ አራተኛው ፎሊኩላር ዕጢ፣ አምስተኛው ካንሰር የሚያጠራጥር፣ ስድስተኛው ካንሰር። ለንባብ በቂ ነው ለማለትም መለኪያ ተቀመጠ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 የታይሮይድ ሴሎች ያሏቸው ቢያንስ 6 ክምችቶች መታየት አለባቸው።

የሥርዓቱ ልብ ግን ከምድቡ ጎን የተጻፈው የአደጋ መጠን ነው። ሁለተኛ ምድብ ያገኘች ሴት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ጥቂት በመቶ መሆኑን ታውቃለች፤ ስድስተኛ ያገኘ ሰው 97 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን። ሦስተኛውን ምድብ በየእትሙ መከታተል ብዙ ያስተምራል። በ2010 የተጻፈለት የካንሰር ዕድል ከ5 እስከ 15 በመቶ ነበር። በ2017 ከ10 እስከ 30 ሆነ። በ2023 አማካዩ 22 በመቶ ተባለ። ሴሎቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው መረጃው ነው። ይህን ቁጥር ስናነብ አንድ ነገር ልብ ማለት አለብን፦ በአብዛኛው የተሠላው ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ላይ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት ደግሞ በሌላ ምክንያትም ያጠራጠሩት ስለሆኑ ቁጥሩ ከእውነታው ከፍ ማለቱ አይቀርም። በ2012 የወጣ ከ25,000 በላይ ናሙናዎችን የደመረ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ምድቦች በአንድነት እንደ አዎንታ ሲቆጠሩ ምርመራው 97 በመቶ ያህሉን ካንሰር ይይዛል፤ ካንሰር የሌለባቸውን ነጻ የሚያወጣው ግን ግማሽ ያህሉን ነው። ስለዚህ መርፌው "የለም" ሲል በጣም ይታመናል፣ "ምናልባት" ሲል ግን ገና መከራከር ያስፈልጋል።

ብዙ ማግኘት ጉዳት ሲሆን

አልትራሳውንድ ለመርፌው ዓይን ሰጠው። በእጅ የማይዳሰስ፣ ከጀርባ የተደበቀ፣ ከግማሹ በላይ ፈሳሽ የሆነ ጉብታ ላይ ጠንካራውን ክፍል ለይቶ መውጋት ተቻለ። በዚያው ልክ ማንንም የማይጎዱ ኢምንት ጉብታዎችም መታየት ጀመሩ።

የደቡብ ኮርያ ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁልጊዜም የሚጠቀስ ነው፣ መጠቀስም ይገባዋል። በ1999 መንግሥት የካንሰር ቅድመ ምርመራ መርሐ ግብር ሲጀምር የታይሮይድ ምርመራ በውስጡ አልነበረም። ክሊኒኮች ግን በትንሽ ተጨማሪ ክፍያ የአንገት አልትራሳውንድ አብረው ይሰጡ ነበር። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ቁጥር ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ። በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተነቃነቀም። ያ ሁሉ ሰው የታወቀበት ካንሰር በአብዛኛው ሳይነካ ቢቀር ዕድሜውን የማያሳጥር ትንሽ ፓፒላሪ ነበር። ብዙዎቹ ታይሮይዳቸው ወጥቶ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ላይ ቀሩ። በ2014 ሐኪሞች ሕዝቡን በግልጽ ካስጠነቀቁ በኋላ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዓመት ውስጥ በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

በዚህ ታሪክ መርፌው አልተሳሳተም። ስላይዱ ላይ ያነበበው ካንሰር በእርግጥም ካንሰር ነበር። የተሳሳተው መርፌውን የት እንሰድ የሚለው ውሳኔ ነው። ቀጣዩ ዘመን ያረመው ይህን ነው። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር በ2015 መመሪያው ከ1 ሴንቲሜትር በታች ያሉ ጉብታዎችን በመደበኛነት አትውጉ አለ። በ2017 የወጣው የራዲዮሎጂ ነጥብ አሰጣጥ በበኩሉ በአልትራሳውንድ በጣም የሚያጠራጥር ጉብታ ከ1 ሴንቲሜትር ጀምሮ፣ መጠነኛ ጥርጣሬ ያለው ከ1.5፣ ብዙም የማያጠራጥረው ከ2.5 ጀምሮ እንዲወጋ መከረ። ጃፓን ውስጥ ኮቤ ያለው የኩማ ሆስፒታል ከዚህ ሁሉ በፊት ከ1993 ጀምሮ ትንሽ ፓፒላሪ ካንሰር በመርፌ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች ሳይቀድድ በመከታተል ብዙዎቹ ለዓመታት እንደማይለወጡ አሳይቷል። ለአንድ ሐኪም ካንሰር ብሎ ከጻፈ በኋላ "እንጠብቅ" ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ያ ሆስፒታል ለዚህ ታላቅ ምስጋና ይገባዋል።

በ2016 ደግሞ ፓቶሎጂስቶች ራሳቸው ሽፋኑን ያልጣሰ፣ ፎሊኩላር ቅርጽ ያለው አንድ የፓፒላሪ ዓይነት ላይ "ካንሰር" የሚለውን ስም አነሡ። ሕክምና ስም ሲጨምር እንጂ ሲያነሣ ብዙ አይታይም፤ ይህ ውሳኔ ግን ብዙ ሰው ከሬዲዮ አክቲቭ አዮዲን ሕክምናና ከጭንቀት ያዳነ ነው።

የምራቅ ዕጢ ሌላ ዓለም

ታይሮይድ ላይ ያሉት ካንሰሮች በእጅ ጣት ይቆጠራሉ። በምራቅ ዕጢ ላይ የሚወጡት እብጠቶች ግን ከ30 በላይ ዓይነት ናቸው፤ ብዙዎቹም እጅግ ብርቅ ስለሆኑ አንድ ፓቶሎጂስት በሙያ ዘመኑ አንዳንዶቹን አንድ ጊዜ ብቻ ሊያይ ይችላል፣ ጭራሹንም ላያይ ይችላል። ተማሪ ሐኪሞች የሚማሩት አንድ ጠቃሚ ሕግ አለ፤ የምራቅ ዕጢው ራሱ ባነሰ ቁጥር በላዩ የወጣው እብጠት ካንሰር የመሆን ዕድሉ ይበዛል። በትልቁ ፓሮቲድ ላይ ከሚወጡት አብዛኞቹ ደግ ናቸው። በመንጋጋ ሥር ባለው ግማሽ የሚጠጉት ካንሰር ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከምላስ ሥርና በላንቃ ላይ ባሉት ትንንሾቹ ደግሞ ካንሰሩ ያመዝናል።

የሚያሳስተውም ብዙ ነው። ዋርቲን የተባለው ደግ ዕጢ ሲወጋ እንደ ሞተር ዘይት የጠቆረ ፈሳሽ ይወጣና ሴሉ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። በምራቅ ዕጢ ካንሰሮች መካከል የሚበዛው ሙኮኤፒደርሞይድ በዝቅተኛ ደረጃው ላይ ሲሆን ናሙናው ንፍጥ ብቻ ሆኖ ተራ የውሃ ከረጢት ይመስላል። አዴኖይድ ሲስቲክ ካንሰር በነርቭ ላይ እየተሳበ የሚሄድ፣ ሕመምና የፊት መዛል የሚያመጣ ክፉ ነው፤ በስላይድ ላይ ግን ትንንሽ ጥቁር ሴሎቹ ከአንዳንድ ደግ ዕጢዎች ሴሎች ጋር ይመሳሰላሉ። በ2011 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚለው መርፌው የምራቅ ዕጢ ካንሰርን 80 በመቶ ያህል ይይዛል፤ ካንሰር ያልሆነውን ደግሞ በ97 በመቶ ያህል በትክክል ነጻ ያወጣል። ከአምስት ካንሰር አንዱ ሊያመልጥ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ መርፌው "ደግ ነው" ያለው ፓሮቲድ እያደገ ከሄደ፣ ካመመ ወይም ፊት ካዛለ ውጤቱን ይዞ መቀመጥ አይገባም።

እዚህም የጋራ ቋንቋ ዘግይቶ መጣ። በ2015 ሚላን በተደረገው የአውሮፓ የሳይቶሎጂ ጉባኤ ተጠንስሶ፣ በ2018 በመጽሐፍ የወጣው የሚላን ሥርዓት የቤቴስዳን መንገድ ተከትሏል። አራተኛውን ምድብ ለሁለት መክፈሉ ብልህነት ነው፤ አንዱ ደግነቱ የታወቀ ዕጢ፣ ሌላው ዕጢ መሆኑ የታወቀ ክፋት ደግነቱ ግን ያልለየ። በመጀመሪያው እትም ለመጀመሪያው ክፍል ከ5 በመቶ በታች፣ ለሁለተኛው 35 በመቶ የካንሰር ዕድል ተጽፎላቸዋል። ቀዶ ሐኪሙ ያን ሲያነብ ነርቩን ሳይነካ ዕጢውን በደንበኛ ዳር ለማውጣት ይዘጋጃል እንጂ እስከ መጨረሻው ለመቁረጥ አይቸኩልም።

ስለ ዘረመል ምርመራው አጭር ቃል ይበቃል። ከ2003 ጀምሮ የሚታወቀው ብራፍ የተባለው የዘረመል ለውጥ በስላይዱ ላይ ከተገኘ ፓፒላሪን ያረጋግጣል። በ2012 ተፈትኖ የወጣው አፊርማን የመሰለ ምርመራ በሦስተኛና አራተኛ ምድብ ያሉትን ብዙ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና ያድናል። በምራቅ ዕጢ ላይ ደግሞ በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው ሴክሬተሪ ካንሰር የራሱ የዘረመል ቅይጥ ስላለው ለእርሱ የሚሆን መድኃኒት እስከማግኘት ተደርሷል። ዋጋው ግን በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ምርመራ ነው፤ ለአብዛኛው የአፍሪካ ሆስፒታል ገና የሩቅ ነገር ነው።

ጨውና ስላይድ

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ መርፌው የሚያገኘው እብጠት ከደቡብ ኮርያው የተለየ ነው። እዚህ ታሪኩ የሚጀምረው ከጨው ነው። በ2007 የታተመ በመላ አገሪቱ ከ10,000 በላይ ሴቶችን ያየ ጥናት 35.8 በመቶዎቹ እንቅርት እንዳለባቸው አገኘ። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከዚያ ይመጣ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ ገበያው ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞረ፤ ያ ጨው አዮዲን አልነበረበትም። በ2011 በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች 15 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ።

ይህ ለፓቶሎጂስቱ ምኑ ነው? አዮዲን በሚጎድልበት አገር ከታይሮይድ ካንሰር መካከል የፎሊኩላርና የአናፕላስቲክ ድርሻ ከፍ ይላል፤ አዮዲን ሲዳረስ ፓፒላሪ እየበዛ ይመጣል። መርፌው ለመለየት የሚቸገረው ዓይነት እየቀነሰ፣ በደንብ የሚለየው እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። በአፍዴራ የሚጨመረው አዮዲን ከዓመታት በኋላ በሆስፒታል ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየውን ይለውጣል። እስከዚያ ግን ለሠላሳ ዓመት አንገታቸው ላይ እንቅርት ተሸክመው የኖሩ እናቶች ይመጣሉ። እብጠቱ ብዙ ጉብታ ያለበት፣ የተወሰነው ደም የቋጠረ፣ የተወሰነው የጠጠረ ነው። ካንሰሩ ቢኖር ከአምስት ጉብታዎች በአንዱ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ዳሰሳ ብቻ የተወጋ መርፌ አራቱን አግኝቶ "ደግ" ሊል ይችላል። እዚህ የሚጎድለን የማንበብ ችሎታ ሳይሆን በአልትራሳውንድ እየታየ የት እንደሚወጋ መመረጡ ነው። በብዙ ሆስፒታል አልትራሳውንዱ በአንድ ክፍል፣ መርፌው በሌላ ክፍል፣ ቀጠሮውም በሌላ ቀን ነው።

የእኛ አገር ጥንካሬም መነሣት አለበት። ፓቶሎጂስቱ ራሱ እብጠቱን ይዳስሳል፣ ራሱ ይወጋል፣ ራሱ ያነባል፤ ስዊድናውያን ዘዴውን ያሳደጉበት መንገድ ይኸው ነበር። ለዚህ ልምድ ትልቁ አስተማሪ የንፍፊት ቲቢ ነው። ከመንጋጋ ሥር የወጣ እብጠት የምራቅ ዕጢ ይሁን ቲቢ የያዘው ንፍፊት በእጅ መለየት ያስቸግራል። መርፌው በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን መልስ ይሰጣል፤ የተቀዳውን ጂን ኤክስፐርት ወደተባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ልኮ የቲቢውን መድኃኒት መቋቋምም ማወቅ ይቻላል። ካንሰር ነው ብላ ፈርታ የመጣች ወጣት የስድስት ወር መድኃኒት ይዛ መመለሷ የዚሁ ምርመራ ትሩፋት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ውድ መሣሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ውጤት የቤቴስዳ ወይም የሚላን ምድብ ቁጥር ይኑረው፤ ናሙናው በቂ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ወረቀቷን ይዛ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቴል አቪቭ የምትሄድ ታማሚ ውጤቷ በየደረሰችበት ያለ አስተርጓሚ ይነበብላታል። ታማሚም "ምድቤ ስንት ነው? ናሙናው በቂ ነበር?" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ አንደኛ ምድብ ማለት ደህና ነህ ማለት አይደለም፣ ይደገም ማለት ነው።

ሆስፒታሎችም የራሳቸውን ሒሳብ ይያዙ። የቤቴስዳ ሥርዓት ሦስተኛው ምድብ ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከበለጠ ፓቶሎጂስቱ ውሳኔ እየሸሸ፣ ወይም ስሚሩ እየተበላሸ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መዝገብና ሁለት ወረቀት ማገናኘት ነው፤ በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢ የመጨረሻ ውጤት መርፌውን ወዳነበበው ሰው ተመልሶ ስላይዱ እንደገና ይታይ። አንድ ሆስፒታል በየዓመቱ ስንት ሁለተኛ ምድብ ካንሰር ሆኖ እንደተገኘበት ከቆጠረ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የተሠላውን በመቶኛ ከመዋስ ወጥቶ ለራሱ ታማሚዎች የሚሠራ የራሱ ቁጥር ይኖረዋል፤ ብዙ ጉብታ ላለበት የእኛ እንቅርት ትክክለኛውን የአደጋ መጠን ሊነግረን የሚችለውም ያ ቁጥር ነው።